የሟቿ ማመልከቻ

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ሱቄ ውስጥ ከመጽሐፍ ይልቅ ባዶ ካርቶን በሚበዛበት ዘመን፣ ሁለት ሰዎች በሬ ላይ ዝናብ ተጠልለው ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው የዶክትሬት ጽሑፉን ሊያስጠርዝ የመጣ ነበር፤ ሌላው ጓደኛው ይሁን አማቹ አላወቅኩም። ወሬውን እንዳለ አላስታውሰውም። ትዝታ እንደ አሮጌ ወረቀት ነው፤ ዳር ዳሩን ብል ይበላዋል። መሐል ላይ የቀረችልኝ ይህችን ታህል ናት።

«ይሄን ሁሉ የጻፍከው ስለ ምንድነው?»

«ስለ አሸዋ።»

«ይሄ የምንረግጠው አሸዋ?»

«እሱው።»

«እንግዲህ አሁን ስለ አሸዋ የማላውቀው ነገር የለም በለኛ!»

«ኧረ ድሮ ነበር የማውቀው» አለ ባለ ጽሑፉ።

ከዚያ ወይ ሳቀ ወይ አስነጠሰ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አልለየሁትም። ሰውየውን ዳግመኛ አላየሁትም። ዶክትሬት የሚባለውን ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ በጎሪጥ ነው የማየው፦ ሰው ዕውቀቱን በር ላይ አስረክቦ፣ ጥያቄ ተሸክሞ የሚወጣበት ቤት ይመስለኛል።

እኔ ጠራዥ ነኝ። ሱቄ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት ናት። ጠዋት ስከፍት ዳዊቴን ደግሜ፣ ኮላዬን አቅጥኜ፣ መርፌና ክሬን ይዤ እቀመጣለሁ። ትምህርት ቤት ብዙም አልገፋሁም፤ የማውቀውን ያወቅኩት ከምጠርዛቸው ጽሑፎች ነው፤ መግቢያውንና መደምደሚያውን አነብና መሐሉን ለባለቤቱ እተውለታለሁ። ኮላ ደግሞ እስኪደርቅ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ጆሮው አያርፍም። ሥራዬ ግማሹ መስፋት፣ ግማሹ መስማት ነው።

የእህቴ ልጅ ከክፍል ስትወጣ እኔ ጋ እየመጣች የመጽሐፍ ጀርባ ኮላ ትቀባልኛለች። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ልትጨርስ የቀራት ትንሽ ነበር። ሰፈሩ ስሟን ትቶ «እመት ቀንድ አውጣ» ነው የሚላት፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ ችግኝ ሻጭ ናት። ግቢዋ ከበር እስከ ጓሮ ችግኝ ነው። ችግኝ ባለበት ደግሞ ቀንድ አውጣ አይጠፋም። እህቴ ከዝናብ በኋላ እየለቀመች በግድግዳው ላይ ወደ ጎረቤት ጓሮ ትወረውራቸዋለች፤ እነሱም በጥቂት ቀን ተመልሰው ይመጣሉ። እህቴ፣ «ሌሎች ናቸው» ትላለች። ልጅቷ፣ «እነዚያው ናቸው» ትላለች። ክርክሩ ሲበዛባት ልጅቷ የጥፍር ቀለም ገዝታ እያንዳንዱን ቀንድ አውጣ ቅርፊቱ ላይ ምልክት አደረገችበት። እነዚያው ነበሩ። እኛ ቤት ጥፍሩን የሚቀባ ሰው የለም፤ ቀንድ አውጣው ግን ተኳኩሎ ነው የሚሄደው።

የመመረቂያ ጽሑፏም ይኸው ሆነ፦ ከቤቱ ርቆ የተጣለ ቀንድ አውጣ እንዴት ይመለሳል? የማይመለሰውስ ለምን አይመለስም?

ታዲያ አንድ ቀን፣ በሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት እንደሚቀበልና ስለ እንዲህ ያሉ ፍጥረታት የሚያጠኑ መምህራን እንዳሉት ሰማች። ወሬው ቤታችን ሲገባ እህቴ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች።

«ለቀንድ አውጣ ዶክተር ከምትሆኚ ለችግኝ ዶክተር ብትሆኚ ምን አለበት? ጠላቴን ልታስተምሪልኝ ነው?»

«እማዬ፣ ላጠናቸው ነው እንጂ ላስተምራቸው አይደለም።»

«ጎበዝ ቀንድ አውጣ ከመጣብኝ ያንቺ ሥራ ነው!»

ልጅቷ ሳቀች። ማመልከቻውን ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላ ሞላች። የመመረቂያ ጽሑፏን ጨምሮ የፈለጉትን ሁሉ ላከች፤ አንድ ነገር ሲቀር። እሱም የአማካሪዋ ደብዳቤ ነው፤ ተማሪዎቹ ሪኮመንዴሽን የሚሉት።

አማካሪዋን ተማሪዎቹ «ፕሮፌሰር እፈርማለሁ» ይሏቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራ የበዛባቸው፣ ሲሄዱ የሚበሉ፣ ሲበሉ ስልክ የሚያነሱ ሰው ናቸው። ደብዳቤ የሚለምናቸውን ተማሪ ሁሉ፣ «ጽፈህ አምጣ፤ እፈርማለሁ» ነው የሚሉት። ተማሪውም ስለ ራሱ ጽፎ ይወስዳል። እኔ ጋ ስለሚታተም አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ የሚመረቀው በሙሉ «በማስተማር ዘመኔ ያላየሁት ብርቅ ተማሪ» ነው። እርሳቸው ብርቅ ያልሆነ ተማሪ አስተምረው አያውቁም።

ይህ አሠራር ለሌላው ይመቸው ይሆናል፤ ለእኛ ቤት ልጅ ግን መከራ ነው። በእኛ ቤት ልጅ ፊት ለፊት አይመሰገንም። አንደኛ ወጥታ ስትመጣ እናቷ የምትላት፣ «እሺ፣ እጅሽን ታጠቢ» ነበር። ሰው ስለ ልጅቷ ሲጠይቃት፣ «ደህና ናት፣ ምንም አትል» ትላለች፤ ከዚህ በላይ ያለው ውዳሴ በእህቴ መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። በዚህ ያደገች ልጅ ስለ ራሷ ምን ብላ ትጻፍ? ሱቄ ተቀምጣ ስትሰርዝ ስትደልዝ ዋለችና እንዲህ የሚል አወጣች፦

«ተማሪዋን አውቃታለሁ። ክፍል ትገኛለች። የተሰጣትን ትሠራለች። ቀንድ አውጣ አትፈራም።»

«የኔ ልጅ፣» አልኳት፣ «ይሄ ሪኮመንዴሽን ነው ወይስ ለፖሊስ የተሰጠ ቃል?»

«አክስቴ፣ ራሴን ላመሰግን ስል ጣቴ ይተሳሰራል። ውሸት የምጽፍ ነው የሚመስለኝ።»

ይህን ስንነጋገር ታላቅ ወንድማችን ገባ። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን የባቡር ጣቢያ አስተዋዋቂ ነበር፤ በድምፅ ማጉያ ባቡር ሲያሰናብት ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ያ ሁሉ ድምፅ የት ይግባ? ሰው ማሰናበት ጀመረ። በሰፈሩ ሰው ሲሞት የሟቹን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈውም፣ ቀብር ላይ የሚያነበውም እሱ ነው። ስሙም «ጋሽ አሰናባች» ሆኗል። ሰው እሱን በመንገድ ሲያገኘው ጤንነቱን ከመጠየቁ በፊት የራሱን ይናገራል፤ «ደህና ነኝ ጋሼ፣ በጣም ደህና ነኝ!»

ወረቀቷን አነሳና አነበበ። እንደ ተነቀለ ችግኝ በሁለት ጣቱ ያዛት።

«ይሄ ምንድነው? ሰውን እንዲህ አራቁቶ አደባባይ ማውጣት ነውር አይደለም? ስጪኝ። ማመስገን የኔ ሥራ ነው።»

«አጎቴ፣ ተወው፣ እኔው...»

«ዝም በይ። አንቺ ቀንድ አውጣሽን ቅቢ።»

ማግስቱን ጽፎ መጣ። እህቴም ችግኝ አድርሳ ስትመለስ ጎራ ብላ ነበር፤ አንድ ተማሪም ጥራዙን ይጠብቃል። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያ ባቡር በሚያስቆም ድምፁ ጀመረ።

«እጅግ የምንወዳትና የምናከብራት ተማሪ፣ ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብታ፣ መምህራኗን ታዛ፣ ባልንጀሮቿን አክብራ ተምራለች። በዚህ አጭር ዘመኗ ማንም ያልፈለጋቸውን፣ ከየግቢው ተጠርገው የተጣሉ ፍጥረታትን አንድ በአንድ አንስታ፣ ምልክት አድርጋ፣ ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን ስትጠባበቅ ዝናብም ብርድም አልመለሳትም። ለቀንድ አውጣ የነበራት ፍቅር በቃላት አይገለጽም። መልካም ሥራዋ ከመቃብር በላይ ይኖራል። ለወላጆቿ፣ ለመምህራኗና ለባልንጀሮቿ መጽናናትን እንመኛለን።»

የሚጠብቀው ተማሪ ቆቡን አወለቀ። እህቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እንዲህ ናት እንዴ ልጄ?» አለች።

«አጎቴ፣» አለች ልጅቷ፣ «እኔ እኮ እዚህ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሞታለች ነው እኮ የሚለው!»

«የት ጋ ነው ሞታለች የሚለው? አንድም ቦታ የለም። አየሽ የኔ ልጅ፣ ሰው በቁሙ አይመሰገንም። የቆመ ሰው ነገ ያሳፍርሃል፤ የተኛ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ትንሽ ጋደም አድርጌሻለሁ።»

ከሳቃችን የተነሳ ኮላው ተደፋ። ልጅቷ፣ «አስተካክለዋለሁ» ብላ ወረቀቱን ተቀብላ አስቀመጠችው። አላስተካከለችውም። ቀኑ ሄደ። የማመልከቻው ማብቂያ ተቃረበ። እሷ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ኮላ ትቀባለች እንጂ የራሷን አታነሳም።

አንድ ከሰዓት ብቻችንን ስንሆን፣ «ትፈልጊዋለሽ ወይስ አትፈልጊውም?» አልኳት።

ብሩሿን ጨመቀች። «ደብዳቤው ካልሄደ እኮ አክስቴ፣ ተውኩት አይባልም። ቀረ ነው የሚባለው» አለች።

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ብሞክርና እምቢ ቢሉኝ፣ ችሎታ የላትም ማለት ነው። ደብዳቤው ጎድሎ ከቀረ ግን የደብዳቤው ጥፋት ነው። ማንም አያውቅም፤ እኔም ጭምር።»

ምክር ላልጠየቀ ሰው ጆሮ እንጂ አፍ አይሰጡትም። ማታ ስጸልይ ግን፣ «ጌታዬ ሆይ፣ ወይ ትሂድ ወይ ትቅር፤ ብቻ እንዲህ በር ላይ እንዳትቆም አንዴ ግፋት» አልኩ። ፈጣሪ ጸሎቴን ሰማ። የላከው ግን ወንድሜን ነው።

ይህን በኋላ የነገረችን የፕሮፌሰሩ ጸሐፊ ናት። ወንድሜ የቀብር ኮቱን ለብሶ፣ የራሱን ንጹሕ ቅጂ በካኪ ፖስታ አድርጎ ቢሮ ሄደ። ፕሮፌሰሩን ያገኛቸው ኮሪደር ላይ፣ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ሲሮጡ ነው።

«የእህቴ ልጅ ደብዳቤ ነው» አላቸው።

«የቷ?»

«የቀንድ አውጣዋ።»

«እ፣ አዎ፣ አዎ። በደንብ ተጽፏል?»

«ሰው አልቅሷል።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው» ብለው፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ጸሐፊዋ ተቀብላ ስካን አድርጋ ላከችው። እሷ የምታየው ፊርማ መኖሩን ነው፤ ከላዩ ያለውን ሁሉ ብታነብማ ሥራ አይገፋላትም።

ወንድሜ ለማንም ሳይናገር ቤቱ ገብቶ ተኛ። ሥራውን የጨረሰ ሰው እንቅልፍ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጸሐፊዋ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እጇ ላይ የታተመ ወረቀት ይዛለች።

«እትዬ፣» አለችኝ በለሆሳስ፣ «አሁን ነው የሰማሁት። እግዚአብሔር ያጥናችሁ። አንድም ሰው እኮ አልነገረን!»

«ምኑን?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ልጅቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለች፤ በአንድ እጇ ብሩሽ፣ በሌላው ዳቦ፣ አፏ ሙሉ። ጸሐፊዋ የበሩን እጀታ ጨብጣ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» አለች ልጅቷ ዳቦዋን እየዋጠች።

«አንቺ!»

«እኔ? መቼ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ለእኛ የደረሰን ዛሬ ነው!»

አስቀመጥናት፤ ውኃ ሰጠናት። ወረቀቱን ልጅቷ ራሷ አነበበችው። ከዚያ ከሌላው ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተማሪ ቅበላ ኮሚቴው የተላከ ነው። «በተማሪዎ ሕልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» ይላል። «ማመልከቻዋን በትልቅ ጉጉት እያነበብን ሳለ ይህን መስማታችን ልባችንን ሰብሮታል። ከእናንተ የተለየ ነገር ካልሰማን፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መዝገቧን በክብር እንዘጋለን።» ከሥሩ ደግሞ አንዲት የኮሚቴው መምህር ለብቻዋ የጨመረችው አለ፤ ልጅቷ ግን እዚያ ሳትደርስ በሳቅ ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ።

ወንድሜ ተጠራ። እህቴ ከችግኟ መሐል በጭቃ እጇ አካፋዋን እንደያዘች መጣች። ነገሩን ስትሰማ አልሳቀችም።

«በቁሟ ቀበርክልኝ! አንድ ልጄን! ምን አድርጌህ ነው ጋሼ?»

«ቀበርኩ እንዴ? አመሰገንኩ እንጂ!»

«አመሰገንክ? አፈር አለበስካት!»

«እንዴ፣ ያነበቡት እኮ "በትልቅ ጉጉት" ነው ያሉት። እስቲ ማነው ከመካከላችሁ በትልቅ ጉጉት ተነቦ የሚያውቅ?»

«ጋሼ፣ ከፊቴ ዞር በል። ዛሬ በዚህ አካፋ የኔም የሕይወት ታሪክ ይጻፋል!»

ልጅቷ ሳቋን ጨርሳ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልወደድኩትም፤ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነው።

«ተዉት በቃ» አለች። «ሞቼ ልቅር።»

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ እንዲህ ያለ ስም ከየት አገኛለሁ? ያቺ የሞተችው ልጅ ጎበዝ ናት፤ ዝናብ አይመልሳት፣ ብርድ አይመልሳት። እኔ ነኝ ብዬ ብሄድ ያፍሩብኛል። ዝም ብንላቸው በክብር ይዘጉታል።» ጸሐፊዋን አየቻት። «ማንም አይጎዳም እኮ።»

ጸሐፊዋ የወደቀውን ወረቀት አነሳች። ያን ደብዳቤ ሳታነብ ከላከችው ወዲህ ያልተነበበ መስመር ማለፍ ፈርታ፣ መጨረሻውን ጮክ ብላ አነበበችው።

«"በግሌ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሟቿ ስላልተመለሱት ቀንድ አውጣዎች የጻፈችውን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት። መንገድ ጠፍቷቸው ይመስለኛል። ከእናንተ መካከል ከእሷ የሰማ ካለ ቢጽፍልኝ ውለታ ነው።"»

«መንገድ አልጠፋቸውም!» አለች ልጅቷ።

ሁላችንም ዞር አልን። ቆማለች።

«መንገድ የጠፋው እንዲህ አያደርግም። አንዷ፣ ያቺ ሁለት ቀይ ነጥብ ያላት፣ የግድግዳው አናት ድረስ ወጥታለች። በዓይኔ አይቻታለሁ። ወደ ግቢያችን አንገቷን አውጥታ ቆየች፤ ቆየችና ወደ ጎረቤት ተመልሳ ወረደች። ሌላ ቀንም እንዲሁ አደረገች። መንገዱንማ ታውቀዋለች! መምጣቱን ነው ያልፈለገችው።»

«ለምን?» አለች እናቷ ሳታስበው።

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ጎረቤት ጎመን አለ» አለ ወንድሜ።

«እዚህም አለ፣ እሱ አይደለም። የተመለሱትም ጎመኑን ትተው ነው የተመለሱት። አላውቅም አልኩህ እኮ!» ይህን ስትል ጉንጯ ቀልቷል፤ የተናደደች ይመስላል፤ ግን ንዴት አልነበረም። ሰው «አላውቅም»ን እንዲህ በምግብ ፍላጎት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። «ይቺ መምህር ይሄን ሳታውቅ መዝገቡን ትዘጋለች? ከዚያ "መንገድ ጠፍቷቸው" ብላ ልትጽፍ ነው? ወረቀት ስጡኝ!»

«የሞተ ሰው አይጽፍም» አለ ወንድሜ። ወንድሜን ስድብ አያስደነግጠውም፤ ሥርዓት ሲፋለስ ግን አይወድም። «ሞቷን የፈረመ ሰው ነው ትንሣኤዋን መፈረም ያለበት።»

የዚያን ዕለት ከተናገረው ሁሉ ትክክሉ ይኸው ነበር። እህቴ ችግኟን ትታ መሄድ ስላልቻለች ሦስታችን ከጸሐፊዋ ጋር ተነሳን፤ ልጅቷ፣ ወንድሜና እኔ። እኔ የሄድኩት ወንድሜ እንዳይናገር ነው። አልተሳካልኝም።

የፕሮፌሰሩ ቢሮ ወረቀት ከወለል እስከ መስኮት የተቆለለበት ነው። እርሳቸው ቆመው ሳንድዊች እየበሉ ስልክ ያናግራሉ። ጸሐፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች ፊታቸው ዘረጋች። አነበቡ። ስልኩን ሳይዘጉ አስቀመጡት፤ ከውስጡ ሰው «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል።

«"ለወላጆቿ፣ ለመምህራኗና ለባልንጀሮቿ መጽናናትን..." ይሄን እኔ ፈርሜያለሁ?»

«ግድግዳ ላይ አስደግፈው» አለ ወንድሜ።

«እርስዎ ደግሞ ማነዎት?»

«የደብዳቤው ጸሐፊ። ያነጋገርኩዎት ኮሪደር ላይ ነው። በደንብ ተጽፏል ወይ አሉኝ፤ ተጽፏል አልኩ። አሁንስ ጉድለት አገኙበት?»

ፕሮፌሰሩ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷን አዩአት፤ ወረቀቱን አዩ፤ ደግመው ልጅቷን አዩአት።

«ስሜን አፈር አስገባችሁት» አሉ። ከዚያ እንደ ለመዱት እጃቸውን አወናጨፉ። «ደህና፣ ችግር የለም፣ ይስተካከላል። ልጄ፣ በሕይወት አለሁ ብለሽ አንድ ደብዳቤ ጽፈሽ አምጪ፤ እፈርማለሁ።»

እግዜር ይመስክርልኝ፣ ሳቄን ያቆምኩት ከንፈሬን ነክሼ ነው። ጸሐፊዋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «አልጽፍም፣ ፕሮፌሰር» አለች።

«እንዴት?»

«ስለ ራሴ አልጽፍም። ሞክሬያለሁ፣ አልቻልኩም። አጎቴም ጻፈልኝ፤ ውጤቱን አይተዋል። እርስዎ ይጻፉልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የሚያውቁትን።»

ስልኩ ውስጥ የነበረው ሰው ተስፋ ቆርጦ ዘግቷል። ፕሮፌሰሩ፣ «እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ። «ስለ አንቺ በእርግጠኝነት የማውቀው በሕይወት መኖርሽን ነው። እሱንም ያወቅኩት አሁን ነው።»

«ለደብዳቤ ይበቃል?»

«አይበቃም።»

«እኔ መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። «እስከ ዛሬ ጠዋት እንደምፈልግ አላውቅም ነበር፤ ወይም አውቄ እደብቀው ነበር። እምቢ ካሉኝ እኔን እምቢ ይበሉ፤ አጎቴ የጻፋትን ልጅ አይደለም። ለዚህ ደግሞ ያየኝ ሰው ያስፈልገኛል። ይምጡና ይዩኝ።»

«የት?»

«እናቴ ግቢ። ግድግዳው ሥር። ዛሬ እንደሚዘንብ ሰማዩ ያስታውቃል፤ ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ይንቀሳቀሳሉ። ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ ነው።»

«ነገ ጠዋት ስብሰባ አለኝ።»

«ሞቻለሁ ይበሏቸው» አለ ወንድሜ። «ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።»

ክንዱን ቆነጠጥኩት፤ ዘግይቼ ነበር። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ፊታቸው ተኮሳተረ። ከዚያ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚያ ሳንድዊቹ ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠርገው ሲያበቁ ሌላ ሰው መሰሉ፤ ወይ የደከማቸው፣ ወይ ያረፉ፤ አልለየሁትም።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ቀለሙ አይሸትም? የጥፍር ቀለም ኃይለኛ ሽታ አለው። የምትከታተለው ቀንድ አውጣውን ይሁን ሽታውን በምን ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ዓይኗ በራ። «አስቤበታለሁ! ለዚህ ብዬ ግማሾቹን በቀለም ሳይሆን ቅርፊታቸውን በሞረድ ጫር አድርጌ ነው ምልክት ያደረግኩባቸው። እነሱም ይመለሳሉ። ጽሑፌ ላይ አለ እኮ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ...»

አቋረጠች። ሁላችንም ያንን ምዕራፍ እንዳላነበቡት ገባን። እርሳቸውም እንደገባን ገባቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክምር መፈለግ ጀመሩ፤ ከሥር፣ ከሌሎች ብርቅ ተማሪዎች ጽሑፍ መሐል፣ የእሷን አወጡ። እኔው ነበርኩ የጠረዝኩት፤ አከርካሪው ገና አልተሰበረም፤ አንዴም አልተገለጠም።

«ጉልበቴ አይታጠፍም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ከወረቀት ውጪ አንድ ሕይወት ያለው ነገር ቁጭ ብዬ ካየሁ ስንት ዘመኔ።»

ማንም አላጣደፋቸውም። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች፤ ወንድሜ፣ ተአምር ነው፣ አፉን ዘግቷል። እኔም መጠበቅ ሥራዬ ነውና በልቤ አንድ አባታችን ሆይ አድርሼ ጠበቅኩ።

ፕሮፌሰሩ ጸሐፊዋን፣ «የነገውን ስብሰባ ሰርዢው» አሏት። ለኮሚቴው ደግሞ ዛሬውኑ «ተማሪዋ በሕይወት አለች፤ ዝርዝሩ ይከተላል» ብላ እንድትልክ አዘዟት። ከዚያ የልጅቷን ጽሑፍ ብብታቸው ውስጥ ከተቱት።

«ዛሬ ይሄን አነባለሁ። ነገ ፀሐይ ሳትወጣ እመጣለሁ» አሉ። «ዝቅ ያለ ወንበር አዘጋጁልኝ፤ እናትሽንም ችግኟን እንደማልረግጥባት ንገሪያት። ግድግዳው እስኪደርቅ አብሬሽ እቀመጣለሁ። ደብዳቤውን የምጽፈው ከዚያ ነው፤ በራሴ እጅ።»